ሰሙ ከሥር

ሐሙስ ማታ፣ ብሩክስ ከተማ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፤
ስምንት ወንበር፣ ስምንት ብርጭቆ ውሃ፣ አንድ እግሩ የላላ ጠረጴዛ ያለበት።
ከሥራ ወጥቼ፣ እጄን ሦስት ጊዜ ታጥቤ፣
በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ፣ ቶሎ ለመውጣት አስቤ።

ልጅ ሳለሁ፣ “ይሄን ቀለም አይዘልቀውም” ብሎኝ ነበር የሂሳብ አስተማሪያችን፤
በሃምሳ አንድ ዓመቴ ልፈትነው መጣሁ፣ እሱን ወይ ራሴን።

ዶሪን ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናት፤
ጣቷ ከሰል በከሰል፣ ቃሏ ቁጥብ።
“የምትወዱትን እንስሳ ምረጡ” አለች፤ “ካልሆነም የምታውቁትን።”
ማሪሴል የታመመች ድመቷን፣
ሃልቮርሰን የሞተበትን ውሻ፣
ቅንድቡን የበሳው ጎረምሳ ያቺን ባለ ረጅም ጅራት ወፍ፣ ገንዳ በርባሪዋን።
እኔ ላም አልኩ።
ማወቁን አውቃታለሁ።

“መጀመሪያ ወረቀቱን አርጥበው፤ ከዚያ ቀለሙን ልቀቀው፤
ውሃ መንገዱን ያውቃል፣ አንተ ብቻ አትጨቅጭቀው።”
ለቀቅኩት። ቡናማው ሮጠ፣ ከግራጫው ጋር ተቀላቀለ፣
ላሜ ገና ሳትቆም አንድ እግሯ ከወረቀቱ ኮበለለ።
እርጥቡ ላይ ጨው በተንኩ፤ ጨዉ ጠጥቶ ጠጉር አበቀለ።
አስተማሪዬ ይየኝ፤
እኔን ባይዘልቀኝ፣ ወረቀቱን ዘለቀ።

ሲደርቅ ከሰል አነሳሁ። እጄ ማንንም አልጠየቀ።
ወርቹን፣ ዳቢቱን፣ ሽንጡን፣ ታላቅና ታናሹን፣
ጎድን በጎድን ቆጥሬ፣ ሥጋ ከአጥንት የሚለይበትን እያንዳንዱን።
ዶሪን ከኋላዬ ቆመች።
“የት ተማርከው ይሄን?”
“በቢላ” አልኳት። “ፋብሪካው ውስጥ ወርች ላይ ነው የምቆመው።”
የሃልቮርሰን ብሩሽ ብርጭቆው ውስጥ መዞሩን አቆመ።

እሷ ግን ባዶው ቦታ ላይ ጣቷን አሳርፋ፣
“ዓይኗስ?” አለች።
ዓይኗስ።
እኔ ጋ ስትደርስ ራስ የላትም፤ ሰንሰለቱ የሚያመጣት ያለ ፊት፤
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዲቷም አላየችኝ፣ እኔም አላየኋት ፊት ለፊት።

ቅዳሜ በአሮጌ ፒካፗ ከከተማው አወጣችኝ።
ነፋሱ ሜዳውን ወደ ምሥራቅ ያበጥራል።
ሽቦ አጥሩ ጋ ቆምኩ፤ አንዲት ቀይ ጊደር መጣች፣
አንገቷን አስግጋ፣ እርጥብ አፍንጫዋን ወደ ጓንቴ አስጠጋች፣
አሸተተችኝ።
(እጄን ሦስት ጊዜ ታጥቤ ነበር።)
ሽፋሽፍቷ ላይ የበረዶ ብናኝ፤ ብሌኗ ውስጥ ሰማይ፣
ፒካፕ፣ አጥር፣ ከጤፍ ያነሰ አንድ ባለ ኮፍያ ሰው።
እጄን አነሳሁ፤ አነሳ።
እርሳሱን ከኪሴ አላወጣሁም።
ዶሪን ሞተሩን ሳታጠፋ ሳንድዊቿን ትበላለች፤
የከብት ሥጋ ነው፤ ሽታውን አውቀዋለሁ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ነጭ የሰም እርሳስ ሰጠችኝ፤
“ብርሃኑ የሚያርፍበትን በዚህ ንካው፣ ከቀለሙ በፊት።”
ነጭ በነጭ ላይ፤ ያሰመርኩት ለኔም አይታይ፤
ከዚያ ወርቅማውን ቀለም አቅጥኜ ደፋሁት ከላይ።
ሰሙ እምቢ አለ። ቀለሙ ሸሸው፣ ዙሪያውን ከበበው፣
ከመሃል አንዲት ነጥብ ነቃች፤
ላሟ አየችኝ።

ብቻዬን ሳቅሁ። “ምነው?” አለች።
እኛ ጋ ሰሙ ከላይ ነው፣ ወርቁን ነው ከሥር የምንቀብረው፣
ልላት አሰብኩ፤
እንግሊዝኛዬ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ደከመው።
“ጥሩ ቀለም ነው” አልኳት።

ሥዕሉ ከድመቷና ከውሻው መሃል ተሰቅሏል፤ አንድ እግር ይጎድለዋል።

ሰኞ፣ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት። የቤት ኪራይ አለ፣
የልጄ የጥርስ ማሰሪያ አለ።
ልብስ መቀየሪያው ጋ ሮሜል ጥፍሬን አየና ደነገጠ፦
“ደም ነው? ተቆረጥክ?”
“ቀለም ነው” አልኩት፤ “አልለቅ አለኝ።”
የብረት ጓንቴን ከላዩ አጠለቅሁ።
ሰንሰለቱ መዞር ጀመረ።